ኮፈኑ የሚከፈተው

አባየ መቀመጥ አያውቁበትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብደራፊ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና ትራክተሩ ጉድባ ውስጥ ተገልብጦ ግራ እግራቸውን ከሰበራቸው ወዲህ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው የኮፒና የጽሕፈት ሱቄ በር ላይ ወንበር አስወጥተው የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ይሰድባሉ። ያኛው ማርሽ አያውቅም፣ ይሄኛው ፍሪሲዮን ያቃጥላል። ደንበኞቼ ግማሾቹ የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው።

ይሄንንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ክረምት ሲቃረብ አብደራፊ እመለሳለሁ ማለታቸውን ነው። ጎንደር ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ያ እግር ዳግመኛ ከተሰበረ አይድንም። አባየ "ሐኪሙ ልጅ ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከወንበር የማያስነሳቸው ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስልኬ ላይ የትራክተር ጌም ጫንኩላቸው። ትንሽ አዩና መለሱልኝ።

"ይሄ በረዶ ላይ ነው የሚያርሰው" አሉ። "ፍሪሲዮንም የለው። የሠራው ሰው ትራክተር አይቶ አያውቅም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይሥሩታ!" አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ።

"በምን?" አሉ።

ጎረቤቴ ፈሀድ ስልክ ጠጋኝ ነው። ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣውን አሮጌ ኮምፒውተሬን አንስቶ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት፤ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም። የቀረው በሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ ጀማሪ የማያስቸግር የጌም መሥሪያ ፕሮግራም መምረጥ ነበር። ፈሀድ ኔትወርክ በመጣ ቀን ሦስት ፕሮግራም አውርዶ በፍላሽ ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ ትልቁ ነው" አለ። "ስመ ጥር የሆኑት ጌሞች የሚሠሩት በእሱ ነው።"

"ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?"

"ኢንተርኔት ላይ ይጠየቃል።"

"ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

ፈሀድ ወደ እኔ አየ። "ይጠበቃላ" አለ።

"ኸላስ፣ ይሄ ይቅር" አሉ አባየ።

እኛ አገር ትራክተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ አይጠይቅም። መለዋወጫው እዚሁ ገንዳ ውሃ ይገኛል ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። ዝናብ ሊገባ ሲል ትራክተር የቆመበት ገበሬ ምን እንደሚሆን አባየ ብዙ አይተዋል።

ሁለተኛውን እኔ ወድጄው ነበር። ኮድ መጻፍ የለበትም፤ ባለቀለም ጡብ እየጎተቱ መደርደር ብቻ ነው። አባየ ጥቂት ጡብ ደረደሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኮፈኑን ክፈትልኝ" አሉ።

"የምን ኮፈን?"

"ከጡቡ ሥር ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።"

"እዚያ መግባት አያስፈልግዎትም ጋሼ። ለጀማሪ የተሠራ ነው።"

"ኮፈኑ በብየዳ የተዘጋ ትራክተር ቢያመጡልህ ትገዛለህ?"

ፈሀድ አሰበበት። "አልገዛም" አለ።

ሦስተኛው ጎዶት የሚሉት ነው። ነፃ ነው፣ ፍላሽ ላይ ይገባል፣ መመሪያውም አብሮ ወርዷል። የራሱ ኮድ ሳይቀር ለፈለገ ሰው ክፍት ነው አለ ፈሀድ።

"ፈትቼ መግጠም እችላለሁ?"

"ወላሂ ይችላሉ።"

"መግጠሙ ቢያቅተኝስ?"

"ሌላ ኮፒ እሰጥዎታለሁ።"

አባየ የኮምፒውተሩን ጎን መታ መታ አደረጉት። "ይሄን እንይዛለን" አሉ።

"አባየ፣ ይሄ ለጀማሪ ይከብዳል" አልኩ።

"ጀማሪው ማን ነው?" አሉኝ።

ወይ ጣጣ! መመሪያውን እያነበብኩ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የጻፈው ፈሀድ፣ የሚቆጣው አባየ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ ሞተሩ ይሙቅ ብለው ዝም ብለው ያዩታል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ያጠፉትና ጎኑን በካርቶን ያራግቡለታል። ቀስ በቀስ ግን ኮዱ ውስጥ ቁጥር እየቀየሩ ማስተካከል ለመዱ፤ መሪው ሲጠጥር፣ ማረሻው መሬት ሲነካ፣ ጥቁር አፈር ጎማ ሲይዝ። አንዲት ትንሽ ቀይ ትራክተር እየተንቀጠቀጠች መሬት መግመስ ጀመረች። ባጃጆቹ ተገላገሉ። የአብደራፊ ነገርም ተረሳ። ፈሀድን ሻይ ጋበዝኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የፍሪሲዮን ነገር መጣ።

"ፍሪሲዮን በእጅ አይረገጥም" አሉና የተሰበረ ኪቦርድ ለመኑኝ። ጠረጴዛው ሥር አስቀምጠው ከእንጨትና ከሞላ ፔዳል ሠሩለት። ሲረገጥ የኪቦርዱን ቁልፍ ይጫናል። በፍጥነት ከለቀቁት ትራክተሯ ትንፈራገጥና ሞተሯ ይጠፋል። እኔና ፈሀድ ሳቅን።

አንድ ቀን ወረቀት ወድቆብኝ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል ሞላው ተቀይሮ አየሁት። የበፊቱ የወንበር ሞላ ነበር፤ ይሄኛው ጠንካራው የባጃጅ ሞላ ነው። የአባየ ግራ እግር ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ በላብ ተጠምቀዋል፣ ጥርሳቸውን ነክሰዋል። እስክሪኑ ላይ ትንሿ ትራክተር ቀስ ብላ ተነሣች።

ለካ እግራቸውን እያለማመዱ ነበር። እኔ እንዲቀመጡልኝ የሰጠኋቸው ነገር ላይ ተቀምጠው ለመሄድ ይዘጋጃሉ። በዚያው ቀን የአብደራፊው አሠሪያቸው፣ ደሴ የሚባለው ሰው፣ ደውሎላቸው "ሰኞ ና ውሰደኝ" ሲሉት ሰማሁ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ። ኮምፒውተሩን አበራሁ። ፍሪሲዮኑ በምን ያህል ዝግታ መለቀቅ እንዳለበት የሚወስነውን መስመር አውቀዋለሁ፤ ያኔ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ማንም እግር ያለው ሰው እንዳይችለው አድርጌ ቀየርኩት። እግሬ ገና ነው ብለው እንዲቀሩልኝ ነው። እሳቸው ቀርተውልኝ ቢረግሙኝም አልጠላም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አሙቀው ተቀመጡ። ረገጡ፣ ለቀቁ። ሞተሩ ጠፋ። ደገሙት። ጠፋ። ጉልበታቸውን አሹት፤ እንደገና ሞከሩ። ፊታቸው ሲጠወልግ አየሁ፤ ትከሻቸውም አብሮ ወረደ። እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እሳቸው ግን ቆም አሉ። እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አንሥተው አዩት።

"እግሬ አይደለም" አሉ።

መነጽራቸውን አደረጉ፤ ኮዱን ከፈቱ። በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። ቁጥሩ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ እኔ ዘወር አላሉም። ቁጥሩን አጠፉ፣ የራሳቸውን መልሰው ጻፉ፣ ኮዱን ዘጉ። ከዚያ ትራክተሯን ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ነዷት፤ አዙረው መለሷት። ሞተሯ አልጠፋም።

ደሴ መኪናውን በር ላይ አቆመ። "ጋሽ ገብረማርያም፣ እግርዎ እንዴት ነው?"

"አሁን አስተካከልኩት" አሉ።

ሻንጣቸውን እኔ አወጣሁላቸው። ከዱላቸው ጋር አብሬ ሰጠኋቸው።

"መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ እሞክራለሁ" አሉኝ። "ሞተሩ ከጠፋብኝ እመለሳለሁ።"

"እሺ አባየ።"

መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ግራ እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡት። መስኮቱን አወረዱ።

"ፍሬኑን ግን አልነካሽውም" አሉ።

"አልነካሁትም።"

"ጎበዝ።"

ሄዱ። ሱቅ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደንበኛ መጣ፣ መታወቂያውን ኮፒ አደረግሁለት። ሞተሩ ይጥፋባቸው ልበል ወይስ አይጥፋባቸው፣ አላወቅሁም። ደንበኛው ሲወጣ ኮምፒውተሩ ፊት ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጤነኛ ግራ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩ። ረገጥኩ። ቀስ ብዬ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።

ሞተሩ ጠፋብኝ።