የንስሩ ባዶ ጥፍር

ጀርመኖች ሙታናቸውን የሚያስቡበት የሙታን እሑድ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የኒሻኗ መርፌ ተሰበረ። ኤርና በዚያች እሑድ ያቺን ኒሻን በጥቁር ካፖርቷ ደረት ላይ ሳትሰካ ከጎቲንገን ቤቷ ወጥታ አታውቅም። የባሏ የሃርትቪግ ናት። ሩሲያ ዘምቶ የቀረ፣ መቃብር እንኳ የሌለው ሰው ነው፤ ከሱ የተረፈች ዕቃ ኒሻኗ ብቻ ናት። ስለዚህ ልጇ ሮስቪታ ኒሻኗን በመሀረብ ጠቅልላ ለማሠራት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይዛት ሄደች።

የኒሻን ነጋዴው ሉደርስ ለአፉ ልጓም የሌለው ሰው ነው። በማጉያ መነጽር አያት፣ ገለበጣት፣ ሳቀ።

«መርፌውስ ቀላል ነው። ግን ይቺ ጦርነት የምትባል ነገር አታውቅም፣ እመቤቴ።»

«የአባቴ ናት» አለች ሮስቪታ ኮስተር ብላ። «ሲሞት ጓደኛው ከደረቱ ላይ ፈቶ ለራሱ እህት የላካት ናት።»

«ንስሩ በጥፍሩ የሚይዘው የናዚ ምልክት፣ ስዋስቲካውስ የታል?»

«እህትየው አሜሪካኖቹን ፈርታ ሞርዳው ነዋ!»

ይሄ ምኑ ይገርማል? በዚያ አገር ያልሞረደ ማን አለ! ከኒሻን ሞርደዋል፣ ከግድግዳ ፍቀዋል፣ ከፎቶ ቆርጠዋል። ንስሩ ጥፍሩ ባዶ ሆኖ ሲታይ «ፈርተው ነው» ብሎ ማለፍ የሁሉም ልማድ ነበር።

«ኧረ እመቤቴ! ይቺ ከስስ ቆርቆሮ ተመትታ የወጣች ናት፤ ፊቷ ላይ ያበጠ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ጎድጓዳ ነው። ፊቷን ቢሞርዱት ጉድጓዱ ጀርባዋ ላይ ይቀራል። ይኸው፣ ከጥፍሩ በስተጀርባ በጣትዎ ይዳብሱት። ልሙጥ! ስዋስቲካ ኖሯትም አያውቅ። ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ‹ያለ ስዋስቲካ አድርጉ› ብሎ ሲፈቅድ፣ ለቀድሞ ወታደሮች ምትክ እንድትሆን የተሠራች ናት። ሱቅ ውስጥ ትሸጥ ነበር።»

ዳበሰችው። ልሙጥ ነው። ኒሻኗን መልሳ በመሀረቡ ጠቅልላ ወጣች።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ስለ ፍሪድላንድ ነው፤ ከሩሲያ የሚመለሱ ምርኮኞች ስለሚያርፉበት ሰፈር። እናቷ የአባቷን ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጥፋ፣ ከሥሩ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ብላ ጽፋ፣ በየአውቶቡሱ በር ላይ በብርድ ትቆም ነበር፤ ሮስቪታም ቀሚሷን ይዛ። የእንጀራ አባቷ አልቪን ከነዚያ ተመላሾች አንዱ ነው። «አውቀዋለሁ፤ እጄ ላይ ነው የሞተው» አለ። ኤርና ግን «ምልክት ካላየሁ አላምንም» ብላ ሰሌዳዋን አላወረደችም። ከጊዜ በኋላ «እህቴ ዘንድ ተቀምጣ ነበር» ብሎ ኒሻኗን ይዞላት መጣ። ያን ጊዜ እርሟን አወጣች፣ «ባሌ ሞቷል» ብላ ፈረመች፣ ፍለጋውን ተወች፣ አልቪንን አገባች። ሠላሳ ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ።

አልቪን ወጥ ቤት ድንች ሲልጥ አገኘችው።

«አባቴን ታውቀዋለህ?»

«ምን ነካሽ ደግሞ ዛሬ?»

ኒሻኗን ልጣጩ ላይ ወረወረችለት። «ጀርባዋን ዳብሰው።»

አልዳበሰውም። ቢላዋውን አስቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ የነጋ ንጋት ግን ማንን ይጠቅማል!

«ካሰል ከተማ፣ ከሱቅ ነው የገዛኋት» አለ በመጨረሻ። «አባትሽን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያየሁት ፎቶውን ነው፣ እናትሽ እጅ ላይ። እኔን ቆሞ የጠበቀኝ ማንም አልነበረም፣ ሮስቪታ። እሷ ግን በዚያ ብርድ... ትገላገል ብዬ ነው።»

«የተገላገልከውስ አንተ! በአባቴ አልጋ፣ በአባቴ ወንበር! ያየው ሰው ቢኖርስ ኖሮ? መጠየቅ እኮ አስቆምከን!»

«አባትሽ አልመጣም እኮ። ይኸው ስንት ዓመት፣ አልመጣም።»

«አለመምጣቱን በምን አወቅህ? ሰፈር አስለውጠሃት የለ እንዴ!»

የአልቪን ዓይን በሩ ላይ ቀረ። ኤርና ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ኒሻኗን ከልጣጩ መሀል አነሳች፣ ጀርባዋን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና መልሳ እዚያው አስቀመጠቻት። ከዚያ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሰሌዳዬን የት አደረግሽው፣ ልጄ? ፎቶው ያለበትን።»

ሰሌዳውን አልቪን በሠርጉ ዓመት ምድጃ ውስጥ ጨምሮታል። ክብሪቱን ያቀበለችው ሮስቪታ ራሷ ናት፤ ልጅ ነበረች፣ ብርዱ መርሯት ነበር።

«ፈልጊው እንጂ!» አለች ኤርና፣ የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች። «አንድ ሰው እንኳ ያውቀው ይሆናል።»