«ጥያቄዎ አልደረሰንም»

ሐያት ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አልሆነላትም። ሌሊቱን ሚዛን ተፈሪ ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ መብራቱን አጥፍቶት ነበር። ረፋዱ ላይ መብራት ሲመለስ ጥሪዎችን የሚቀበለው የጤና ቢሮው ሰርቨርም ተነሣ፤ አነሣሡ ግን አላማራትም። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ገጾቹ አይከፈቱም። የክፍሏን መስኮት ትዘጋለች፣ ትቀመጣለች፣ ተመልሳ ትከፍተዋለች።

የአምቡላንስ ጥሪ ሲስተሙን የሠራችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚጠሩት በሹፌሮች የግል ስልክ ነበር፤ ሹፌር የሚያውቅ ቶሎ ያገኛል፣ የማያውቅ ይጠብቃል። ሐያት ያንን አስቀረችው። አዋላጇ ታብሌቷ ላይ ገጹን ከፍታ ጥሪውን ትልካለች፤ ሲስተሙ ቅርብ ያለውን መኪና መርጦ ለሹፌሩ ያስተላልፋል። አድልዎ እንዳይኖር ሹፌሮቹ ከሲስተሙ ውጪ በስልክ ብቻ ተጠርተው እንዳይንቀሳቀሱ ጥብቅ ትእዛዝ ወጣ።

ሰርቨር ሥራ ሲበዛበትና ጥያቄ መቀበል ሲያቅተው 503 የሚባል መልስ ይሰጣል፤ አገልግሎቱ ለጊዜው የለም ማለት ነው። አለቃዋ አቶ ዓለምሰገድ ይህ መልስ ለተጠቃሚ እንዲታይ አልፈለጉም። ሰዉ ሲስተሙን ገና ሳይለምደው ይጠላዋል አሉ። ተነጋግረው በምትኩ «ጥያቄዎ በመላክ ላይ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ ተደረገ፤ ታብሌቱ ደግሞ ከበስተጀርባ ራሱ እየደጋገመ እንዲሞክር። ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ማንም አላማረረም።

ያን ቀን ግን መብራት እንደመጣ የየጤና ጣቢያው ታብሌት ሁሉ ባንዴ ተነሥቶ ሰርቨሩ ላይ ተረባረበ። መልስ ሲያጡ ይደግማሉ፤ በደገሙ ቁጥር ሰርቨሩ ይብስበታል። አጥፍታ አስነሣችው፤ ጥቂት ሠርቶ መልሶ ተዘጋ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ሰርቨሩ ሳይቀበላቸው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ስክሪኑ ላይ ሲንከባለሉ ቆማ ስታይ አንዱ ላይ ዐይኗ ቀረ። ከሸኮ ማዶ ካለች ጤና ጣቢያ ነው፤ ወሊድ፣ ድንገተኛ። አልፎ ሄደና ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ መጣ። እዚያ ያለችው አዋላጅ ሲስተር ሎሚ ናት። በሥልጠናው ጊዜ ከሁሉም በላይ የጠየቀች፣ የተባለችውንም ከሁሉም በላይ አጥብቃ የያዘች ሴት ነበረች። እባክዎ ይጠብቁ ከተባለች ትጠብቃለች።

ሐያት ልትደውልላት ፈለገች። የጤና ጣቢያዎቹ ስልክ ያለው ግን እዚያው የማይከፈተው ዳታቤዝ ውስጥ ነው።

ወደ አዳራሹ ሮጠች። አቶ ዓለምሰገድ ሲስተሙን ሊያዩ ለመጡ እንግዶች እያስረዱ ነው፤ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ያው «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ገጽ በትልቁ በርቷል። ኔትወርኩ ትንሽ ዘገየ እያሉ ያሥቃሉ። በሩ ላይ ሲያዩዋት በእጃቸው ቆይ አሏት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረዋል።

ተመልሳ ሄደች። ዳታቤዙ ቢታነቅም ሰርቨሩ አንድ ቀላል ገጽ ማሳየት አያቅተውም። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አገልግሎቱ አሁን አይሠራም። ጥያቄዎ አልደረሰንም። አይጠብቁ፤ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ከሥሩ የራሷን ስልክ አስገባች። ታብሌቶቹም ለጊዜው ጥያቄ እየደጋገሙ መላኩን እንዲተዉ የሚነግር ትእዛዝ አከለችበት። ያለ ፈቃድ እንዲህ ማድረግ ከሥራ ሊያስወጣት እንደሚችል ታውቃለች። የማስተላለፊያውን ቁልፍ ተጫነች።

አዳራሹ ውስጥ የግድግዳው ገጽ ሲቀየር ጉርምርምታ ተሰማ። አቶ ዓለምሰገድ እንግዶቹን ሲያረጋጉ ቆይተው ፊታቸው ተለዋውጦ መጡ።

«ምን እያደረግሽ ነው? እንግዶቹ ፊት?»

መልስ ሳትሰጥ ስልኳ ጠራ። እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አልደረሰንም ነው የሚለው» አለች ሎሚ። ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል። «እውነት አልደረሳችሁም?»

«አልደረሰንም ሲስተር። የት ናችሁ?»

ሎሚ እየተቆራረጠች ነገረቻት። በየነች የምትባል ወላድ ደም እየፈሰሳት መጥታለች፤ ሎሚም ጥሪውን ልካ መኪናው መንገድ ላይ ነው ብላ ገጹን እያየች ስትጠብቅ ቆይታለች። አልደረሰንም የሚለውን እንዳነበበች ወጥታ ቡና የጫነ አይሱዙ አስቆመች። የበየነች ባል ሲላስና ጎረቤቶቹ የቡናው ጆንያ ላይ ጋቢ አንጥፈው ወላዷን አስተኟት። አሁን ወደ ሚዛን እየመጡ ነው፤ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ ደሙም አልቆመም።

ሐያት ሆስፒታል ግቢ ተራ የሚጠብቀው የአምቡላንስ ሹፌር ወልደጻድቅ ጋ ደወለች። እሱ በትሕትና አዳመጣትና ያለ ሲስተሙ ትእዛዝ ብነሣ እኔ ነኝ የምጠየቀው አላት። ደጋግማ ለመነችው።

አቶ ዓለምሰገድ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

«ወልደጻድቅ፣ ዓለምሰገድ ነኝ። የሸኮን መንገድ ያዝ። ቡና የጫነ አይሱዙ ታገኛለህ፤ ወላዷን ከእሱ ተቀበል። ብትጠየቅ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ስልኩን መልሰውላት ወደ አዳራሹ ሄዱ። ለእንግዶቹ ምን እንዳሏቸው አልሰማችም። ከሌሎች ጣቢያዎችም ስልክ መምጣት ጀመረ፤ ከጠረጴዛው እስከ በሩ እየተመላለሰች ሁሉንም መለሰች። ታብሌቶቹ ጋብ ሲሉ ሰርቨሩ ተነፈሰ። ጥያቄዎቹን ባንዴ ሳይሆን በተራ እያስገባች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው መለሰችው።

አምቡላንሱ አይሱዙውን መንገድ ላይ አግኝቶት ነበር። በየነች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ሐያት ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሙን ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ ይተርፍ እንደሆነ ጠየቀችው። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አላት።

በሳምንቱ አቶ ዓለምሰገድ አዲሱን ገጽ ደጋግመው አነበቡት። «አልደረሰንም» የሚለው ትንሽ እንደሚከብድ፣ ለስለስ ያለ ቃል ቢገኝ ጥሩ እንደሆነ ተናገሩ። ሐያት ቃሉ አይነካም አለች። እሳቸውም እንዳለ ይቀመጥ አሉ። ገጹ በታየ ጊዜ ሹፌሮች በስልክ ጥሪ መውጣት እንደሚችሉም በፊርማቸው አዘዙ።

እሷ ግን አላስቻላትም። አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ሸኮ ወረደች፤ ሎሚም ወደ በየነች ቤት ወሰደቻት። በየነች ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ደርባ ተቀምጣለች። የመጣችው ማን እንደሆነች ሲነግሯት ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እኛ እኮ መኪናው እየመጣ መስሎን ነው» አለች በመጨረሻ። በቁጣ አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች ሐያት።

ሲላስ በርጩማ አምጥቶላት ተቀመጠች። ስለ መንገዱ ጠየቃት፤ ድልድዩን ይጠግኑታል ሲባል እውነት ይሆን አለ። አላውቅም አለችው። ስትነሣ በየነች እጇን ያዘችና ለቀቀቻት።

ወደ ሚዛን ስትመለስ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ። ከዳገቱ አናት ላይ ሲመለስ ስልኳን አውጥታ የአምቡላንስ ጥሪውን ገጽ ከፈተችው። ሠራ። ዘጋችው። ቁልቁለቱን ገና ሳይጨርሱት እንደገና ከፈተችው።