በትዕዛዙ ላይ የተደገመ ዳዊት

ማዕረግ ዳዊቱን ከማኅደሩ ያወጣው ሊጸልይ አልነበረም፤ ሊከስ ነው።

ከኮኪት ከተማ ወዲያ ያለው እርሻው ከደጁ ይታያል። የሰሊጡ እኩሌታ ታጭዶ ተከምሯል፤ እኩሌታው ማጭድ ሳይነካው ደርቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ፍሬውን መሬት ላይ አፍስሶታል። የደረሰ ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። አጫጆቹ ግን መሪያቸውን ትዕዛዙን ተከትለው ሥራውን ጥለው ሄደዋል።

«አንድ አጫጅ ወባ ያዘው ተብሎ አገር ይነሣል?» አለ ማዕረግ። «ለአንድ በሽተኛ ስንት ተሸካሚ ነው? ንጉሥ ነው?»

ሚስቱ፣ አሰበች፣ ማሽላ እያበጠረች ነበር። «ትራክተሩን ብትሰጣቸው ተሸካሚም ባላስፈለገ።»

«ትራክተሩ ሰሊጥ ይጭናል። በአጨዳ ቀን ሌላ ምን ይጭናል? በትዕዛዙ ላይ መቶ ስምንትን ልደግምበት ነው።»

ሰፌዷ ቆመ። መቶ ስምንተኛው መዝሙር ተበደልሁ ያለ ሰው በበዳዩ ላይ የሚደግመው እርግማን መሆኑን የማያውቅ የለም።

«እንግዲያስ ስሙን አጥርተህ ጥራ» አለች። «እግዜር ተሳስቶ ሌላ ሰው እንዳይመታ።»

ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ጾም ገድፎ አያውቅም፤ ዳዊት ሳይደግምም ውሎ አያውቅም። ለዚህ ሁሉ ዘመን አገልግሎት አንዲት ፍርድ ቢጠይቅ ይበዛበታል? «ሁልጊዜ የምደግምልህ እኔ ነኝ» አለ በልቡ። «ዛሬ አንተ አድርግልኝ።»

ማንበብ ጀመረ። ዕድሜው ይጠር ሲል የትዕዛዙን ስም ጠራ፤ ቤቱ ይፍረስ ሲልም ጠራ። ድምፁ እየበረታ ሄደ። ከዚያ መዝሙሩ የእርግማኑን ምክንያት መናገር ያዘ፦ ይህ ሰው ምሕረት ማድረግን አላሰበም፤ ችግረኛውን አሳድዷል።

ቃሉ በየሐሙሱ ከዳዊቱ በሚደግመው ድርሻ ውስጥ ነበር፤ እንደ ውሃ በአፉ ሲያልፍ ኖሯል። አሁን ስም ጠየቀው።

«ትዕዛዙ» ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ትዕዛዙ ግን በሽተኛውን ባየልኝን በትከሻው ተሸክሞ ነው የወጣው። ባየልኝ በትራክተሩ ጥላ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሲለምን «ተነሥ፣ ከመንገድ ዞር በል» ያለው ሌላ ሰው ነው፤ የትራክተሩ ባለቤት።

ማዕረግ ተቆጣ። በዳዊቱ ተቆጣ፣ በአሰበች ተቆጣ። «የተበደልሁትስ እኔ አይደለሁም?» አለ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ቃሉ እዚያው ቆሞ ጠበቀው። ሲጠራቸው የነበሩት እርግማኖች ሁሉ ባለቤታቸውን አግኝተው ዞረው የሚያዩት መሰለው። ቁጣው ሳይበርድ ጉልበቱ ታጠፈ፤ ግንባሩ መሬት ነካ። «ማረኝ» አለ።

ተነሥቶ ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። አሰበች መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

ማዕረግ ትራክተሩን እየነዳ ጤና ጣቢያው ሲደርስ ትዕዛዙ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጋሽ ማዕረግ፣ ትራክተሩ ዛሬ ሰሊጥ አይጭንም እንዴ?»

ማዕረግ መልስ ነበረው፤ ጥሩ መልስ። ዋጠው።

«ባየልኝስ?»

«ብሶበታል። ሆስፒታል አድርሱት ብለውናል። በምን እናድርሰው?»

«ጫኑት» አለ ማዕረግ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። «ጆንያ አንጥፌለታለሁ።»

ትዕዛዙ አላመሰገነም። ባየልኝን አቅፎ ተሳቢው ላይ ወጣ፤ ራሱን በጭኑ ላይ አስደገፈው።

«ቀስ ብለው ይንዱ» አለ፣ እንደ አለቃ።

ማዕረግ ቀስ ብሎ ነዳ።