የሊቀመንበሩ ዝንጅብል

በማኅበሩ ውስጥ «መነጽር» ነው የሚሏት። መነጽር አድርጋ አታውቅም፤ ዓይኗ የማያየው ነገር ስለሌለ ነው። ዝንጅብላቸውን ያለ ኬሚካል የሚያመርቱት ገበሬዎች የውስጥ ተቆጣጣሪ አድርገው ሲመርጧት ማንም አላንገራገረም። ያለ ኬሚካል ማምረታቸውን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት የሁሉም በጋራ ስለሆነ፣ የአንዱ ጥፋት ተደብቆ ቢገኝ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል። የውጭ መርማሪው ከመምጣቱ በፊት እየዞረች ማሳውንም ዕቃ ቤቱንም የምታየው ለዚህ ነው።

የሊቀመንበሩ ተራ ደረሰ። ማሳው ዓይን ይስባል። ዕቃ ቤት ስትገባ ግን በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ሸተታት።

«ጋሼ፣ በዚህ ምን ረጭተው ነው?»

«የሳሙና ውሃ ነዋ!»

«ሳሙና እንዲህ አይሸትም።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ አላስቻላትም። «ንገራት እንጂ! ወንድምህ ለበቆሎው አረም ማጥፊያ ሊረጭበት ወስዶት አልነበር? አንተም በዚያው መርጫ ዝንጅብሉን ረጨህ።»

ሊቀመንበሩ ወደ መነጽር ዞረ። «አጥቤዋለሁ እኮ! ይሄን ማኅበር እግሬ እስኪነቃ ዞሬ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። እስቲ እንዳላየሽ እለፊኝ፣ እህቴ።»

የመነጽር ባል የሞተ ጊዜ ማሳዋን ያረሰላት እሱ ነው። ቢሆንም ፊት ለፊት ነገረችው።

«እርስዎን ካለፍኩ ነገ ማንን በምን አፌ እጠይቃለሁ? ኮሚቴው ፊት እኔ ከማወራው እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል።»

አኩርፎ ዋለ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ግን ማንም ሳይጎተጉተው ተነስቶ እንዳለ ተናገረ። ዝንጅብሉ ከማኅበሩ ምርት ተለይቶ ተራ ገበያ እንዲሸጥ፣ ማሳውም እንደ አዲስ አባል ማሳ ከኬሚካል የመጽጃ ዓመታቱን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተወሰነ።

የውጭ መርማሪው ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «ዘንድሮ ምን ጥፋት አገኛችሁ?» አለ።

ሊቀመንበሩ ከሁሉም ቀድሞ «የኔን» አለ።

መርማሪው ማሳውን አየ፤ የተለየውን ዝንጅብል አየ፤ መነጽርን በጥያቄ አፋጠጣት። እሷም ሳትደነቃቀፍ መለሰችለት።

«እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ምንም አላገኘንም የሚለኝ ማኅበር ነው» ብሎ መርማሪው የምስክር ወረቀታቸው እንዲታደስ እንደሚጽፍ ነገራቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ሳምንት ሳይሞላ የሊቀመንበሩ ወንድም መነጽር ቤት መጣ። እሱም ማኅበሩ ውስጥ መግባት ፈልጓል።

«መሬትህ ከኬሚካል እስኪጸዳ ዓመታት ትጠብቃለህ» አለችው።

«ታዲያ ዛሬውኑ ልጀምራ!»

መነጽር ጫማዋን አጠለቀችና ማሳውን ልታይ ተከትላው ወጣች።