ሉክሪጻ ወደ መንጋጋ የዋኘች ዕለት

ሉክሪጻ የባሏን ሐዘን ከለበሰች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። በምትኖርበት ደሴት ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሯን የምትለብሰው እስክትቀበር ነው፤ ቀሚሱ ጥቁር፣ ሻሹ ጥቁር፣ ካልሲው ሳይቀር ጥቁር፣ ያ ሁሉ የበጋ ፀሐይ እያለ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ወደቡ ድረስ መጥታ ልጇን፣ «ዛሬ ራቁታሞቹ ዘንድ ውሰደኝ» ስትለው፣ ፍራኔ ጆሮውን አላመነም።

«የት?»

«ሎከቫ ነዋ! ሰው የምታመላልስበት። ደነቆርክ እንዴ?»

ሎከቫ የባሕር ዳርቻ ናት፤ በእግር አይኬድባትም። ሦስት ወገኗ ገደል ነው፣ አራተኛው ባሕር። ልብሳቸውን ጥለው ፀሐይ መሞቅ የሚወዱ እንግዶች የመረጧትም ለዚሁ ነው። ፍራኔ ሃያ በጋ በጀልባው አመላልሷቸዋል፤ ወጉም አንድ ነው። ያወርዳቸዋል፣ ፈቀቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል፣ ከዚያ ጀርባውን ለዳርቻው ሰጥቶ እስኪጠሩት መረቡን ይጠግናል። አንድም ቀን ዞሮ አይቶ አያውቅም። ዳርቻውም የራሱ ወግ አለው፤ እዚያ ለብሶ የሚቆይ ሰው የለም። ልብሱን ያላወለቀ፣ የሰው ገላ ሊያይ የመጣ ነው ተብሎ በዓይን ይባረራል።

«እማ፣ እዚያ እኮ ልብስ ይወለቃል።»

«ታዲያ እኔ ገላዬን የምታጠበው ለብሼ ነው?»

«የሰው አፍስ?»

«የሰው አፍ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጥቁሬን እያየ ዝም ብሏል፤ ዛሬ እንኳ ሥራ ያግኝ!»

አጠገባቸው ሰርዲን የምታጸዳው ጎረቤታቸው ቶንካ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ሉክሪጻ! በስተርጅና ባል ፍለጋ ነው እንዴ?»

«ትርፍ ካገኘሁ ላንቺም አንድ አመጣልሻለሁ። እዚያ እንደሆነ ተሸፋፍኖ የሚያታልል የለም።»

ወደቡ በሙሉ ሳቀ። ፍራኔ ግን አልሳቀም። ገና ሳይነጋ የቤቷን ቁልፍ አምጥታ እጁ ላይ አስጨብጣዋለች፤ የወይኑ መሬት ወረቀት የት እንዳለ ነግራዋለች፤ ፍየሏን ለቶንካ ሰጥታለች። ከሎከቫ ፊት ለፊት ደግሞ ባሕሩ ውስጥ መንጋጋ የሚሉት ድንጋይ አለ። አባቱ፣ የርኮ የሚባለው፣ ጀልባው የተሰበረበት፣ ራሱም ሰጥሞ የቀረበት ድንጋይ ነው፤ ሬሳው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያኔ ፍራኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ወደ አባቴ ልትሄድ ነው፣ አለ በሆዱ።

እምቢ ሊላት ፈለገ። ሉክሪጻን እምቢ ያለ ግን እስካሁን አልተወለደም። ከስድስቱ እንግዶች መሐል ተቀመጠች፣ ጀልባዋም ወጣች። መንገድ ላይ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና፣ «እማ፣ እዚያ የምትሄጂው ልትመለሺ ነው?» አላት።

«ሞተርህን ያዝ» አለችው። አዎ አላለችም።

ሎከቫ ሲደርሱ ኢርምጋርድ የምትባለው ጀርመናዊት አሮጊት፣ በየበጋው የምትመጣ ደንበኛው፣ የእናቱን እጅ ይዛ አወረደቻት። ፍራኔ ፈቀቅ ብሎ መልሕቁን ጣለና ጀርባውን ሰጠ። በሌላ ቀን ጀርባ መስጠት ጨዋነት ነበር፤ ዛሬ እሳት ሆነበት። ዞሮ እንዳያይ እናቱ ናት፤ ካም የአባቱን የኖኅን ዕርቃን አይቶ ምን እንደተከተለው ከልጅነቱ ተምሯል። ሳያያት ደግሞ ብትሄድበትስ? መረቡን አነሣ፤ መርፌው ጣቱን ወጋው። ከኋላው የጠጠር ኮሽታ ሰማ፣ የኢርምጋርድን ሳቅ ሰማ፣ ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰማ። ከዚያ ዳርቻው በሙሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከሁሉም ባሰበት።

«ፍራኔ!» ጮኸች ኢርምጋርድ በተሰባበረ አነጋገሯ። «እናትህ! እናትህን እይ!»

ዞረ።

እናቱ ዳርቻው ላይ የለችም። ጥቁር ቀሚሷ ተጣጥፎ ጠጠሩ ላይ ተቀምጧል፣ ካልሲው ከላዩ። እሷ ከጥልቁ ላይ ናት፤ እየሰጠመች ግን አልነበረም። እየዋኘች ነበር! ክንዷን ወርውራ፣ ውኃውን ሰብስባ፣ ደግሞ ወርውራ፣ ሳትቸኩል ትሄዳለች። ውኃው እስከ ወለሉ ጥርት ያለ ነበርና ጥላዋ በነጩ አሸዋ ላይ አብሯት ይዋኛል። ፊቷና እጇ የዳቦ ቅርፊት መስለው ጠቁረዋል፤ የቀረው ገላዋ ፀሐይ ያላየው፣ እንደ ወተት የነጣ ነው። ሽበቷ ተፈትቶ ከኋላዋ ተንሳፍፏል፤ ፍራኔ የእናቱን ፀጉር ተፈትቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። መዋኘት መቻሏንም አያውቅም ነበር። በመንደራቸው ዓሣ አጥማጅ አይዋኝም፤ የሚዋኝ ባሕሩን ይንቃል፣ ባሕሩን የናቀ አይመለስም ይላሉ። ፍራኔ ራሱ አይችልም፤ አባቱም አይችልም ነበር።

ወደ መንጋጋ መሄዷን ሲያይ ተንደርድሮ መልሕቁን መሳብ ጀመረ። ሉክሪጻ አየችውና እጇን ከውኃው አውጥታ ባለህበት አለችው። እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በዚያ ባሕር ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ሳለ፣ ዳርቻው ላይ ያሉት ሁሉ ብድግ ብለው ቆመዋል፤ ቦርጫሙም፣ ቀጫጫውም፣ ሆዷ ተቀዶ የተሰፋችውም። ፍራኔ ሃያ ዓመት የሸሸውን ዕርቃን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየ፤ ዓይኑም አልጠፋ፣ ነውርም አልታየው። ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ሰውነቱን ውርር አደረገው።

ለእሱ ዘላለም የመሰለ ጊዜ ከቆየች በኋላ ወደ ውኃው ተመለሰች። አመጣጧ ግን ሌላ ነበር። በጀርባዋ ተንጋልላ፣ አንድ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ሰው አቅፋ የምትጎትት ይመስል በአንድ እጇ ብቻ እየቀዘፈች መጣች። ጀልባው ጋ ስትደርስ ጠርዙን ይዛ ቆመች፤ ከአንገቷ በላይ ብቻ ይታያል።

«አየኸኝ አይደል?»

«አላየሁም።»

«ውሸታም።» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ስማኝ ፍራኔ። አባትህ የሞተ ቀን መረብ አብረን ልናወጣ ነበር፤ ሁልጊዜም አብሬው ነበር የምወጣው። የዚያን ቀን አንተን ትኩሳት ያዘህና ቀረሁ።»

ለፍራኔ ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም።

«የምዋኘው እኔ ነበርኩ። እሱ እንዳንተው፣ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ነው። አብሬው ብሆን ከዚያ ድንጋይ እስከ ዳርቻ ጎትቼ አወጣው ነበር ወይ እያልኩ ስንት ዓመት አደርኩ። መልሱን ሳላውቅ ብነግርህ የሱን ሞት አንተ ላይ መጫን መሰለኝ። ዛሬ ልሞክረው መጣሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ መንገድ ላይ ብቀርስ ብዬ ነው ቁልፉን የሰጠሁህ።»

«እና?» አላት።

«ሩቅ ነው ልጄ። ባዶ እጄን እንኳ ትንፋሼ ተቆረጠ። ያን ቀን ደግሞ ነፋስ ነበር፤ እንኳን ሰው ይዤ፣ እኔም አልወጣም ነበር። ያንተ ትኩሳት እኔን አተረፈ እንጂ ማንንም አልገደለም። ልነግርህ የፈለግሁት ይህን ነው።»

ፍራኔ ቁልቁል አያት። ይህን ሁሉ የተናገረችው አንዴም ሳታቋርጥ ነው። ትከሻዋ አይነሣም፣ አይወርድም፤ ከንፈሯ አልገረጣም፤ ጠርዙን የያዘው እጇ አይንቀጠቀጥም። ሃያ በጋ ዋናተኛ ከውኃ ሲያወጣ ኖሯል፤ የደከመ ሰው ትንፋሽ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ይህ ያ አይደለም። ያኔ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች።

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ተተክለው ይጠብቃሉ።

«እውነትሽን ነው እማ» አላት። «በጣም ሩቅ ነው።»