ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች «መዝገበ ቃላት» ይሏታል፤ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ገጹ ከተገነጣጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ስላጠናች ነው። ፌዙን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች። አራሚ ናት፤ «ይታተም» ተብሎ ያልተፈረመበት ወረቀት ወደ ማሽን አይሄድም፣ ፈራሚዋም እሷ ናት።

ለውጭ ደንበኞች የሚታደል የሠላሳኛ ዓመት መጽሔት በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ። የቢሮው ጸሐፊ ባረቀቀው ታሪክ ላይ፣ የንግድ ፈቃድ ከመውጣቱ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዎች በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በአንዲት የእጅ ማተሚያ ሥራውን ጀምረው እንዳቆዩት ተጽፏል። አንደኛው ባለቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ጠራዡ፣ አባቷ። አባትየው ስሙ ሊወጣ ነው ሲባል ፀጉሩን ተቆርጦ ፎቶ ተነሥቷል።

እሷ ግን ረቂቁን ይዛ ባለቤቱ ፊት አፍንጫዋን ነፋች።

«ጋሼ፣ ይሄ ‹ቢጊኒንግ› የሚለው እኮ የሕፃን እንግሊዝኛ ነው። ለድርጅት ‹ኢንሴፕሽን› ነው የሚባለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ» ብላ ዝም ብትል ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከቃሉ ሥር ያነበበችውን አንድ ምሳሌ ይዛ፣ «ድርጅት በሕግ የተቋቋመበት ጊዜ ነዋ! ለማንም ተራ ጅምር አይውልም» አለች።

«በሕግ?» አለ ባለቤቱ፣ ፊቱ እየፈካ።

«በሕግ!»

በሁለተኛው ቀን የመጨረሻው የማረሚያ ቅጂ ሲመጣላት ቆርቆሮው የለም። አባቷም የለም።

«ፈቃዱ ላይ ያለው የኔ ስም ብቻ ነው» አላት ባለቤቱ። «ከኢንሴፕሽን በፊት ያለው አይቆጠርም። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እየሮጠች ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ደህናው መዝገበ ቃላት «የአንድ ነገር መጀመሪያ» ይላል። ድርጅትም ይሁን ሐሳብ፣ ከተጠነሰሰበት ሰዓት አንሥቶ። ሕግ የሚል አንድም ቃል የለም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ተመለሰችና፣ በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን አለች፦

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ትሳሳቻለሽ እንዴ!» ብሎ ሳቀባት። «በይ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«አይቸግርም፣ ፈራሚ ሞልቷል።» በበሩ ብቅ ብሎ ተጣራ። «ወንድሜ! እስቲ ና።»

ጠራዡ እጁ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየፋቀ ገባ። እንግሊዝኛ አያነብም።

«የዚህ ቤት አንጋፋ አንተ ነህ። መጽሔቱን ማሳተም ያለበት ያንተ ፊርማ ነው።»

«አባዬ፣ ቆይ...»

«ተይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ አክብሮኝ እኮ ነው» አላትና ብዕሩን ተቀብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ፊደል በፊደል ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው። «የቱ ጋ ነው ያለሁት? አሳይኝ እስቲ።»

ባለቤቱ መስኮት መስኮቱን አየ።

«የለህም፣ አባዬ» አለች። «ከታሪኩ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። ሳላውቅ አወቅሁ ብዬ።»

አባቷ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት በተሻላት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ በጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ጠርዛቸውን አስተካከለ። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት «አንተ» ሲለው ወደኖረው ሰው ዞረ።

«ስንት ኮፒ ልጠርዝልዎ?» አለው።