የቆመ ሰው

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የፋብሪካ ሠራተኞች በማመላልስበት ሰርቪስ ውስጥ በመስኮት ቆሻሻ የሚወረውር ሰው ካየሁ፣ መኪናውን ዳር አስይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ ነው የምሰድበው። ሠራተኞቹ «መብረቅ» ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜን ደግሞ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ለማሾፍ ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ወድቆ እንደገና እየተማረ ነው። ከክፍል ሲወጣ መንገድ ላይ አነሣዋለሁ፣ ከኋላዬ ባለው ወንበር ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ሠራተኛ ሲወርድ አብረን ወደ እናታችን ቤት እንገባለን።

ልጁን የጣለው «እንቅስቃሴ» የሚባለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ሌላው ተማሪ መሀል ላይ ሲሰናከል የእኛ ሰው ገና ከደጃፉ። አስተማሪው «ለማያውቅ ሰው እያስረዳህ አጥና» ብሎት ስለነበር፣ የማያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደም።

«እታለም፣ መተላለፊያው ላይ የቆመው ሰውዬ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?»

«ራስህ የቆመው አልክ እኮ!»

«በእግሩ ነው የቆመው። ግን እየሄደ ነው።»

«ወይ ይቁም ወይ ይሂድ! ሁለቱን ባንዴ ማን ያደርገዋል?»

«ከአውቶቡሱ አንጻር ስታይው ቆሟል። ከመንገዱ አንጻር ግን በአውቶቡሱ ፍጥነት እየበረረ ነው። ፍሬን ስትይዢ የምታቆሚው አውቶቡሱን ነው። እሱን ማን ያቆመዋል? የሚይዘው ነገር ከሌለ መሄዱን ይቀጥላል።»

«ፍሬን ስይዝማ መኪናው ነው ወደ ፊት የሚወረውረው።»

«ማንም አይወረውረውም! ሲሄድ ነበር፣ ሄደ።»

ከኋላ አንዲት ክር ፈታይ «ፕሮፌሰር፣ እኔ በርሬም ይሁን ቆሜ ቤቴ ካደረሳችሁኝ ይበቃኛል» ስትለው አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እሱም ሣቀ። እኔ ግን የቆመ ሰው ይሄዳል የሚል ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው እያልኩ እስከ ቤት ተነጫነጭኩ።

አንድ ጫኝ ከፋብሪካው የተባረረው በእኔ ነው፤ አልክድም። የዕቃ ክፍል ጫኝ ነበር፣ ትከሻው በር የሚያህል። ያቺን ክር ፈታይ መኪናዬ ውስጥ በጥፊ ሲያጮላት በመስታወት አይቼ፣ ኮሌታውን ይዤ አወረድኩት። በማግስቱም ለአለቃው ነገርኩበት። ደግ አደረግኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ወርደው በሩን ልዘጋ ስል ጫኙ እግሩን ሰንቅሮ ገባ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ ወንድሜ አጠገብ ደርሶ ፀጉሩን ጨመደደው፣ ራሱን ወደ ኋላ ጎትቶ ቢላዋ አንገቱ ላይ አሳረፈበት።

«ንጂ» አለኝ። «ወደ ድንጋይ ካባው። መንገድ ላይ ብታቆሚ አርደዋለሁ።»

ካባው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፤ አሁን ጅብ እንጂ ሰው አይደርስበትም።

«ጠብህ ከእኔ ጋር ነው። እሱን ልቀቀው» አልኩ።

«ያንቺ ተራ ይደርሳል። መጀመሪያ እሱን ታይያለሽ።»

እንዳልቀለደ ለማሳየት የወንድሜን የጆሮ ጫፍ በቢላዋው ከረከረው። ጩኸቱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ደሙ በነጭ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ በመስታወቱ አየሁ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መብረቅ ሆዬ!

ከተማው አለቀ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዝር የሚል የሌለበት ሆነ። ካባው ከደረስን ወንድሜን ዓይኔ እያየ ያርደዋል። ካቆምኩም ያርደዋል። ከግንብ ጋር ባላትመው፣ ልጁም አብሮ ያልቃል። ምን ባደርግ ይሻላል እያልኩ ስነዳ፣

«እታለም» አለ ወንድሜ በታነቀ ድምፅ። «ሰውየው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?»

«ምንድነው የሚቀባጥረው?» አለ ጫኙ። «ለየለት እንዴ?»

በመስታወቱ ቀና ብዬ አየሁ። ጫኙ መተላለፊያው ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። በአንድ እጁ ፀጉር ይዟል፣ በሌላው ቢላዋ። ብረት የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ወንድሜ ግን ተቀምጦ፣ ሁለት ክንዱን ከፊቱ ባለው ብረት ላይ ጠምጥሟል፤ ጉልበቱንም አስደግፏል።

ያኔ ገባኝ። ስንት ቀን የጮኸብኝን ነገር ፍርሃት ባንዴ አስገባልኝ።

«እየሄደ ነው» አልኩት። «ከእኛ እኩል።»

«እንግዲያው ፈጠን ይበላ።»

ነዳጁን ረገጥኩት። ጫኙ የታዘዝኩለት መስሎት «እንደሱ ነው!» አለ። ፍሬን ስይዝ ቢላዋው አብሮት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ በምን በኩል እንደሚያልፍ ነው የማላውቀው። መንገዱ ላይ የተቦረቦረ ቦታ ነበር፣ ሆን ብዬ ገባሁበት። አውቶቡሱ ሲያነጥረው ሚዛኑን ለመጠበቅ የቢላዋ እጁን ወደ ላይ አነሣ። በሙሉ ክብደቴ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት።

ጎማው አለቀሰ። አውቶቡሱ ቆመ፣ ጫኙ ግን አልቆመም። በጎኔ አልፎ፣ በግንባሩ የፊት መስታወቱን በርግዶ፣ ከነስባሪው አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ቢላዋው ሲያልፍ የወንድሜን ትከሻ ተልትሎታል። ከፀጉሩም አንድ ጭብጥ ከነቆዳው ተነቅሎ ሄዷል።

«አለሁ» አለኝ ወንድሜ። «እታለም፣ አለሁ።»

እሰይ ብዬ ልጁን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት መብረር ነበረብኝ። እኔ ግን በተሰበረው መስታወት አሻግሬ ጫኙ ሲላወስ አየሁ። ከወንበሬ ሥር የጎማ መፍቻውን አወጣሁና ወረድኩ።

መጀመሪያ ጉልበቱን ነው ያልኩት፤ ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥዬ ጎኑን። «በናትሽ» አለኝ፣ አፉ ደም ሞልቶ። «ለእናቴ ማን አሰበላት?» ብዬ ደገምኩት፤ የሚከላከልበትን እጁን ከአስፋልቱ ጋር አጣበቅኩት። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ይል ነበር። በመታሁት ቁጥር ያ የወንድሜ ጩኸት ከጆሮዬ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ከኋላዬ «ይበቃል! ይበቃል!» የሚል ሰማሁ፤ ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም።

ብረቱን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሣሁ። የጫኙን አናት ነበር ያነጣጠርኩት። ሳወርደው ወንድሜ በመሀል ገባ፣ ሰውየው ላይ ተደፍቶ ቀኝ ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ። አየሁት። ዓይኔ አየው፣ እጄ ግን አልሰማ አለኝ። ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሸሚዙን ቀድዶ ወጣ።

አልጮኸም። «ትገድዪው ነበር እኮ» ብቻ ብሎኝ እዚያው ራሱን ሳተ።

ሁለቱንም አውቶቡሱ ላይ ጭኜ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ጫኙን ፖሊስ በር ላይ ቆሞለት ሌላ ክፍል አስተኙት፤ ይተርፋል አሉ። እናቴ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ እየሮጠች መጣች። የጆሮውን ፋሻ አየች፣ ትከሻውን አየች፣ ክንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄንን ደግሞ ማነው የሰበረብኝ?»

ወንድሜ ወደ እኔ አላየም።

«ሰውየው ነው፣ እማዬ» አለ።

እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። «ልጄን የመታች እጅ ትድረቅ! እህል አይቅመስባት! ወልዶ አይቀፍባት! የመታችው እጅ እንደ እንጨት ትሰበር!»

የወንድሜን ጫማ እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ዞር ብላ አየችኝ፣ ዓይኖቿ በእንባ ተሞልተው።

«አሜን በይ እንጂ! አፍሽን ምን ዘጋው?»

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሜን» አልኩ።